የሚጠጣ ድንጋይ

ላሊበላን ያየ ሰው ጠራቢዎቹን ያደንቃል፤ ስለ ድንጋዩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ያተናል። በውስጡ ያለው ሸክላማ ክፍል ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ይሰነጠቃል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ጥገና አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተቀቡ። እንዲህ ያለው ልባስ በስንጥቅ የሚገባውን ውሃ አያስቀርም፤ ይልቁንም መውጫውን ይዘጋበታል። ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ የመራው ጥገና አንዱ ሥራው ይህንኑ ልባስ መላጥ ሆነ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉ። ዝናቡን ከለከሉ፤ ነገር ግን ለጊዜው የተባሉት ሰነበቱና፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የከተማው ሕዝብ «ይወድቁብናል» በሚል ሥጋት አደባባይ ወጣ።

ሬንጁም ሆነ መጠለያው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአንድ ምኞት የተወለዱ ናቸው፤ አንዴ ሠርቶ ከመርሳት ምኞት። የሣር ክዳን እንኳ በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል። ላሊበላም ከክረምት በፊት ቦዩን የሚጠርግ፣ ስንጥቁን ለድንጋዩ በሚስማማ ልስን የሚደፍን ባለሙያ በየዓመቱ ይፈልጋል። ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ ስለሆነ ይሆን የምንዘነጋው?