ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠብታ፤ ጠርሙሱስ?

ለግላኮማ የሚታዘዙ ጥምር የዓይን ጠብታዎችን ብዙ ጊዜ የሚገመግሟቸው ሐኪሞችና የመድኃኒት ባለሙያዎች ናቸው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ጥያቄዬ ትንሽ ይለያል። መድኃኒቱ ጥሩ ይሁን፤ ግን ከጠርሙሱ ጫፍ እስከ ዓይን ውስጥ ያለው መንገድ በሙሉ በደንብ ታስቦበታል ወይ? ለግምገማ የመረጥኩት ዶርዞላማይድና ቲሞሎል የተዋሃዱበትን ጠብታ ነው። ኮሶፕት በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ዛሬ በብዙ አምራቾች ስም ይሸጣል።

መጀመሪያ ዓይንን እንደ ውኃ መስመር እንየው። በዓይናችን የፊተኛ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ አለ (እንባ አይደለም፣ እንባ ውጭ ነው)። ይህ ፈሳሽ በደቂቃ 2.5 ማይክሮ ሊትር ገደማ ይመረታል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ በመውረጃው ይወጣል። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ሮቶ አስቡ፤ የሚገባው እንዳለ ሆኖ መውጫው ከጠበበ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። የተለመደው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የእይታ ነርቭ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ የሞተው የነርቭ ክር ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ግፊቱን ለመቀነስ ወይ የሚገባውን መቀነስ፣ ወይ የሚወጣውን መጨመር ነው። ቲሞሎል ቤታ ብሎከር ነው፤ ዶርዞላማይድ ፈሳሹን ለማምረት የሚያስፈልግ ኢንዛይምን ያግዳል። ሁለቱም የሚገባውን ነው የሚቀንሱት። ይህን መጀመሪያ ሳነብ «አንድ ቧንቧ ለመዝጋት ሁለት እጅ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ነበር። መልሱ ደስ ይላል፦ ስንተኛ ፈሳሹ በራሱ ጊዜ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ቲሞሎል ሌሊት ብዙም ሥራ የለውም፤ ዶርዞላማይድ ግን ሌሊትም ይሠራል። ስለዚህ ጥምረቱ ዝም ብሎ ድርብርብ አይደለም።

የጠብታውን ቁጥር ስንቆጥር ደግሞ ትርፉ ግልጽ ነው። ለየብቻ ሲወሰዱ ዶርዞላማይድ በቀን 3 ጊዜ፣ ቲሞሎል 2 ጊዜ ነው፤ ለአንድ ዓይን 5 ጠብታ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛው ጠብታ የመጀመሪያውን አጥቦ እንዳያወጣው ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ አለ። ጥምሩ 2 ጠብታ ብቻ ነው፣ መጠበቅም የለም። ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም፦ ግፊት የመቀነስ አቅሙ ሁለቱ ተለያይተው 5 ጊዜ ሲወሰዱ ካለው በጥቂቱ እንደሚያንስ የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ይናገራል። ለእኔ ይሄ የሚያዋጣ ልውውጥ ነው፤ በቀን 5 ጊዜ በትክክል የሚያደርግ ሰው ከስንት አንድ ነው።

ቅሬታዬ ጠርሙሱ ላይ ነው። ከተለመደው የጠብታ ጠርሙስ የሚወጣው አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ነው። ዓይን ግን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 30 ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ 7 የሚሆነውን ቀድሞ እንባ ይዞታል። የተረፈው የት ይሄዳል? ከፊሉ ጉንጭ ላይ ይወርዳል፣ ከፊሉ በዓይን የውስጥ ጥግ ባለችው ቀዳዳ አድርጎ አፍንጫና ጉሮሮ ይገባል። ከጠብታው በኋላ አፋቸውን መረር የሚላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የቀመሱት ዓይናቸው ውስጥ መቅረት የነበረበትን መድኃኒት ነው! ምሬቱ ግን ቀላሉ ነው። በአፍንጫ በኩል የገባው ቲሞሎል በጉበት ሳያልፍ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፤ አስም ያለበት ሰው ይህን ጠብታ መጠቀም የማይገባውም፣ የልብ ምቱ ዝግ ያለ ሰው ጉዳይ የሚያሳስበውም በዚህ የተነሳ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ይህን ጠብታ የምትጠቀም አያት ካለች፣ ካደረገች በኋላ ዓይኗን ጨፍና የውስጥ ጥጉን በጣቷ ለ2 ደቂቃ ያህል ጫን እንድታደርግ አሳዩዋት። ቀዳዳዋን መዝጋት ነው ነገሩ፣ በቃ።

እስቲ እናስላ። 5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ጠብታው 40 ማይክሮ ሊትር ቢሆን፣ 125 ጠብታ ይወጣዋል። ለሁለት ዓይን በቀን 4 ጠብታ ስለሚያስፈልግ 31 ቀን ይበቃል፤ ያውም አንድም ካልባከነ። እጇ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከ3 ጠብታ አንዱን ብትስት 21 ቀን እንኳን አይሞላም። ጠብታው 20 ማይክሮ ሊትር ቢሆን ግን ያው ጠርሙስ ሁለት ወር ይሄዳል።

ትንሽ ጠብታ መሥራት ይቻላል ወይ? ፊዚክሱ አዲስ አይደለም። ከጫፍ ተንጠልጥሎ የሚወድቅ ጠብታ ክብደቱ በግምት ከጫፉ ስፋት ጋር እኩል ያድጋል፤ ጫፉን በግማሽ ብታጠቡት ጠብታውም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቀጭን ጫፍ ዓይን ሊወጋ ይችላል የሚል ክርክር አለ፣ ትክክልም ነው፤ ግን ይሄ የዲዛይን ጥያቄ እንጂ ግድግዳ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ዶርዞላማይዱ 2 በመቶ፣ ቲሞሎሉ 0.5 በመቶ እንደሆነ በጥንቃቄ ይጻፋል። የአንድ ጠብታ መጠን ስንት ማይክሮ ሊትር እንደሆነስ? እሱን ፈልጉና ታዩታላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጠብታው ያለ ልክ ትልቅ ስለሆነ ለባከነው መድኃኒት ገንዘብ ከፍለናል ያሉ ታካሚዎች አምራቾቹን ከሰሱ። በ2017 የቺካጎው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር ብዕር፣ አንድ ኩባንያ የተሻለ ዕቃ መሥራት ይችል ነበር በሚል ብቻ አይከሰስም ብሎ ክሱን ዘጋ። በዚያው ዓመት የፊላደልፊያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ በተመሳሳይ ክስ፣ የባከነው ገንዘብ ጉዳት ነውና ክሱ መቀጠል ይችላል አለ።