የትምባሆው ርዕዮተ ዓለም

የእኛ ሰው ፖለቲከኛን የሚያውቀው በስሙ ነው። «ሶሻሊስት»፣ «ኒዮሊበራል»፣ «ልማታዊ» ተባለ፤ በቃ፣ አለቀ። ገበያው ላይ ምን እንደሠራ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ ይህን ነገር ከአዲስ አበባ አዳራሽ ይልቅ ከሸዋ ሮቢት ሆኖ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። የይፋት ቆላ ሽንኩርትም ማሾም ለገበያ የሚያመርት አገር ነው፤ ከመንግሥት የንግድ ፖሊሲ የሚያመልጥበት ጓዳ የለውም።

ደርግን እንውሰድ። ለገበሬው ኮታ ቆረጠ፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተተመነው ዋጋ ተረከበ፤ እህል በየኬላው ተፈተሸ። እዚህ ላይ ስሙና ሥራው ገጥመዋል፣ አይካድም። ነገር ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ኮታውን ያነሣው ራሱ ደርግ ነው። ብዙዎቻችን ኢሕአዴግ ያነሣው ይመስለን የለም እንዴ?

ኢሕአዴግስ? «ነጻ ገበያ» እያለ በ2003 ዓ.ም. በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋ፣ ቢራ ሳይቀር የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ወራት ሳይቆይ አብዛኛውን መልሶ አነሣው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ትምባሆው ነው። ሮቢት ላይ እርሻ የነበረው ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት የያዘው ንግድ በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን ተወዳዳሪ የማይገባበት ሞኖፖል ነበር። በምንም የማይስማሙት ሦስቱ መንግሥታት በሲጋራ ተስማሙ! በ2008 ዓ.ም. መንግሥት የድርጅቱን 40 በመቶ ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ2010 ዓ.ም. ኩባንያው ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። ልብ በሉ፤ የተሸጠው በሕግ የብቻ ንግድ መብት የተሰጠው ድርጅት ነው። ሶሻሊስት ቢጠየቅ «ለባዕድ ሸጡት» ይላል፤ ሊበራል ቢጠየቅ «ሞኖፖል ነው» ይላል። ልማታዊው መንግሥታችን ሁለቱንም አንድ ላይ ሠራው።

ማሾውም የራሱ ጉድ አለው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይገበያያል፤ ጥራጥሬን ገዝቶ ወደ ውጭ መላክ ግን ለአገር ሰው ብቻ የተከለለ ሥራ ነበር። ብልጽግና መጣና ማሻሻያውን «አገር በቀል» አለው። በ2016 ዓ.ም. ይኸው አገር በቀል ማሻሻያ የላኪነቱን በር ለውጭ ባለሀብት ከፈተ! ክፉ ሠራ ማለቴ አይደለም፤ የማሾ አምራቹ ገዢ ከበዛለት እሰየው ነው። ብቻ፣ ይህንኑ ያደረገው «ኒዮሊበራል» ተብሎ የተሰደበ ፓርቲ ቢሆን ኖሮ ስንት ውግዘት እንሰማ ነበር!