ቴኔብሬ፦ ከአንድ መሪ ቃል የጠፋው ግሥ

የተሐድሶን ታሪክ ያነበበ ወይም በተሐድሶ መታሰቢያ ቀን የሰበከ አገልጋይ «ፖስት ቴኔብራስ ሉክስ» የሚለውን የላቲን ሐረግ ሳያገኘው አይቀርም። «ከጨለማ በኋላ ብርሃን» ማለት ነው። ሐረጉ የጄኔቫ ከተማ መሪ ቃል ሲሆን፣ ካልቪን በተወለደ በ400ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ የመሠረት ድንጋዩ በተቀመጠው የተሐድሶ ግንብ ላይም ተቀርጿል። አጭርና ውብ ነው። ይሁን እንጂ ከየት እንደ መጣና በመንገድ ላይ ምን እንዳጣ ስንመረምር፣ በመከራ ላይ ላሉ ምዕመናን የምንናገርበትን መንገድ የሚፈትን ጥያቄ ይገጥመናል።

ከቃሉ እንነሣ። «ቴኔብሬ» በላቲን ጨለማ ማለት ነው። ቅርጹ የብዙ ቁጥር ነው፤ በነጠላ የተጠቀሙበት እምብዛም ነው። የሥነ ልሳን ሊቃውንት በሳንስክሪት ጨለማን ከሚያመለክተው «ታማስ» ጋር በሥር ያዛምዱታል። «ቴሜሬ» የሚለው የላቲን ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከጥንት «በጨለማ ውስጥ» ከሚለው አሳብ ተነሥቶ «ሳያስቡ፣ በግብታዊነት» ወደሚል ፍቺ መጥቷል። በጨለማ የሚራመድ የሚረግጠውን አያይምና።

ይህን ስትሰሙ ለስብከት የሚሆን ነገር አገኘን ብላችሁ አትቸኩሉ። ጄምስ ባር እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ፍቺ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስጠነቀቀው፣ የቃል ትርጉም የሚታወቀው ከሥሩ ሳይሆን ከአገባቡ ነው። የእኛው «ጨለማ» ከግእዙ «ጽልመት» ጋር ሥር ይጋራል፤ ነገር ግን ማታ መብራት ሲጠፋ «ጨለመ» የሚል ልጅ ስለ ግእዝ አያስብም። የላቲኑን የብዙ ቁጥር ይዞ ስለ ጨለማ ዓይነቶች ብዛት የሚሰብክም ሰዋስውን ነገረ መለኮት አድርጎታል።

ስለዚህ አገባቡን እንይ። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በቩልጌት፣ በጥልቁ ላይ የነበረው ጨለማ ቴኔብሬ ነው (ዘፍ. 1፥2)። ግብፅን ሦስት ቀን የሸፈነው፣ ጌታ በተሰቀለበት ቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ላይ የሆነውም እንዲሁ (ዘጸ. 10፥22፤ ማቴ. 27፥45)። ከዚህም አልፎ፣ እግዚአብሔር ራሱ መሰወሪያው ያደረገው ጨለማ በዚሁ ቃል ተጠርቷል (መዝ. 18፥11)። እንግዲህ ቃሉ በየስፍራው ከእግዚአብሔር መራቅን ብቻ አያመለክትም። እንደ ዐውዱ ይነበባል።

አሁን ወደ መሪ ቃሉ እንመለስ። ምንጩ ኢዮብ 17፥12 ነው፤ ይኸውም በቩልጌት። ጄሮም በ4ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የኢዮብን መጽሐፍ ከዕብራይስጥ ሲተረጉም፣ የዚህን ቁጥር ሁለተኛ ክፍል ኢዮብ ከጨለማ በኋላ ብርሃንን ተስፋ እንደሚያደርግ አድርጎ አቀረበው። በዕብራይስጡ ግን «ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል ግሥ በዚህ ቁጥር የለም። የዕብራይስጡ አሳብ ሌሊቱን ቀን ያደርጉታል፣ ጨለማ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ብርሃን ቀርቧል ይላሉ የሚል ነው። እነማን? ብዙ ተርጓሚዎች የኢዮብ ወዳጆች ናቸው ይላሉ፤ ሶፋር ቀደም ሲል ጨለማህ እንደ ንጋት ይሆናል ብሎት ነበርና (11፥17)። በዚህ ንባብ መሠረት ቁጥሩ የተስፋ ምስክርነት ሳይሆን ክስ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥርም ይህን ያጠናክራል፤ ኢዮብ ቤቴ ሲኦል ነው፣ መኝታዬን በጨለማ አንጥፌአለሁ ይላል። ጄሮምም እዚያ ቴኔብሬን ደግሞ ጽፎታል።

ሁለተኛው ለውጥ የተደረገው በጄኔቫ ነው። የቀድሞው መሪ ቃል «ፖስት ቴኔብራስ ስፔሮ ሉኬም»፣ ማለትም «ከጨለማ በኋላ ብርሃንን ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል ነበር። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1536 ተሐድሶን ከተቀበለች በኋላ «ስፔሮ» የሚለው ግሥ ወጣ። ተስፋ የነበረው እንደ ተፈጸመ ነገር ታወጀ። የጄኔቫን ሰዎች ደስታ አንነቅፍም፤ የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ቋንቋቸው የሰሙ ሰዎች ብርሃን በራልን ማለታቸው ተገቢ ነው። ትምህርቱም እውነት ነው፤ ጴጥሮስ ከጨለማ ወደሚደነቅ ብርሃን ስለ ጠራን አምላክ ጽፏል (1ጴጥ. 2፥9)። ይህን መስበክ የሚፈልግ ከጴጥሮስ ይስበክ። እውነተኛ ትምህርት ከማይደግፈው ክፍል ሲሰበክ፣ ትምህርቱ ባይጎዳም ክፍሉ ሊናገር የፈለገው ነገር ይታፈናል።

በኢዮብ 17 የታፈነው ምንድን ነው? በጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ነው። መሪ ቃሉ «በኋላ» ይላል። ዮሐንስ ግን ብርሃኑ በጨለማ ውስጥ እንደሚበራ ይናገራል (ዮሐ. 1፥5)። «በኋላ» ብቻ የሚል ስብከት ገና ያልነጋለትን አማኝ የሚያኖርበት ስፍራ የለውም።

የሚገርመው፣ ይኸው የላቲን ቃል በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሕይወትም አለው። «ቴኔብሬ» በሰሙነ ሕማማት የመጨረሻ ሦስት ቀናት የሚደረግ የጸሎት ሥርዐት ስም ነው። ከሰቆቃወ ኤርምያስ ይነበባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሻማዎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። የመጨረሻው ግን አይጠፋም፤ እንደ በራ ይሰወርና ተመልሶ ይመጣል። ይህን የማነሣው ሥርዐቱን እንድንወስድ አይደለም። በዚያ ሥርዐት ጉባኤው ጨለማውን ጨለማ ብሎ ይጠራዋል፤ ብርሃኑም መኖሩን አይክድም። መሪ ቃሉ በአንድ ትንፋሽ የሚዘለውን ሥርዐቱ ሦስት ቀን ይቆይበታል።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። ልጇን የቀበረች እናት ለቅሶ ቤት ገብተን፣ ገና ሳንቀመጥ የምንናገረው ምንድን ነው? «ለበጎ ነው»፣ «ነገ ይነጋል» ማለት ይቀናናል። እምነት ይመስለናል፤ ግን ሌሊቱን ቀን ማድረግ ሊሆን ይችላል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በምድር ላይ አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ (2፥13)። ችግሩ የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው (42፥7)። በጨለማ ሆኖ የጮኸው ሰው ተመሰከረለት፤ ስለ ብርሃን የሰበኩት ደግሞ መሥዋዕትና የኢዮብ ጸሎት አስፈለጋቸው።

በሚቀጥለው የተሐድሶ መታሰቢያ ይህን መሪ ቃል ብትጠቅሱ የጠፋውን ግሥ መልሱለት። «ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል ሰው ገና እየጠበቀ ነው፤ ከፊታችሁ ከሚቀመጡት ምዕመናን ብዙዎቹም እንዲሁ ናቸው።