የሊቅ ሚዛን

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። በዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ይማራል። ስለ አንድ ሊቅ ታላቅነት ሲያጫውተኝ፥ «ስሙ በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ተጠቅሷል መሰለዎት!» አለኝ። እኔም፥ «ልጄ፥ የጠቀሱት ሁሉ አንብበውታልን?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ዝምታ ነው።

ሊቁ ኤድዋርድ ሃሌት ካር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1892 ተወለደ፤ ከ1916 እስከ 1936 በአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገለገለ፤ ከዚያም በዌልስ፥ በአበሪስትዊዝ፥ የዓለም አቀፍ ፖለቲካ መምህር ሆነ። ይህ የመምህርነት ወንበር ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የተቋቋመ፥ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ስም የሚጠራ፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ተስፋ ያረፈበት ነበር። ካር ግን በዚያው ወንበር ተቀምጦ ሳለ፥ በ1939 «የሃያ ዓመታት ቀውስ» በተባለው መጽሐፉ ያንኑ ተስፋ ነቀፈ።

ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ኀይልን ሳይመለከቱ ስለ ሰላም ማውራት ከንቱ ነው፤ የደላው መንግሥትም ለራሱ የሚጠቅመውን ነገር «ለዓለም ሁሉ ይጠቅማል» ማለት ይወዳል። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በኦክቶበር 1935 ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ማኅበሩ ጥፋተኛነቷን መሰከረ፤ የንግድ ማዕቀብም ጣለባት። ነገር ግን ነዳጅ ዘይት አልተከለከለችም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋባትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ፤ በሚቀጥለው ወር ማዕቀቡ ተነሣ። ካርም በመጽሐፉ ይህንኑ ማዕቀብ አንሥቶ፥ የጦር ኀይል ያልደገፈው የንግድ ቅጣት ብቻውን እንደማይበቃ አስረድቷል።

ብዙዎች ግን ካርን «ከኀይል በቀር ሌላ የለም ያለ ሊቅ» እያሉ ይጠቅሱታል። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። ኀይልን ብቻ የሚያይ አስተሳሰብ ግብ እንደሌለው፥ ለመፍረድም ሆነ ለመሥራት ምክንያት እንደማይሰጥ ካር ራሱ በአንድ ምዕራፍ ጽፏል። ስለዚህ ግማሹን አንብበው የጠቀሱት ሰዎች ስሙን አሰፉት እንጂ ትምህርቱን አላሰፉትም።

ይህን ስል ካርን ከነቀፋ ነጻ አወጣዋለሁ ማለቴ አይደለም። በ1938 በሙኒክ የቼኮስሎቫኪያ መሬት ተቆርሶ ለሂትለር ሲሰጥ፥ ባለ አገሮቹ በድርድሩ እንዲቀመጡ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ካር ግን በመጀመሪያው እትም ወደዚህ ስምምነት ያደረሰውን ድርድር በሰላም ለሚደረግ ለውጥ እንደ ምሳሌ ቆጠረው። በምዕራፉ የጻፈውን የፍርድ ሚዛን በፈተናው ቀን ረሳው። በ1946 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ያ አነጋገር ከመጽሐፉ ጠፋ። በመቅድሙ ጥቂት ክፍሎች ማውጣቱን ቢናገርም፥ «ስለ ሙኒክ ተሳስቼ ነበር» አላለም። ሐንስ ሞርገንታው የተባለውም ሊቅ በ1948፥ ካር ኀይልን የሚመዝንበት ከኀይል በላይ የሆነ የግብረ ገብ ሚዛን የለውም ሲል ተችቶታል። ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በቃል ጽሕፈት ደብተሬ የተሳሳትሁትን ቃል በምላጭ ፍቄ፥ አሳምሬ ጽፌ አቀረብሁ። መምህሬ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው የሳሳውን ወረቀት አሳዩኝና፥ «ስሕተትህን በአንድ መስመር ሰርዝ፤ ትክክሉን ከበላዩ ጻፍ፤ ነገ የምትማረው ከሁለቱ ነው» አሉኝ። የካር ሁለተኛ እትም ያን የሳሳ ወረቀት ያስታውሰኛል። እንደ ካር ያለ ብዙ አንባቢ ያለው ሰው ስሕተቱን በግልጽ ሰርዞ ቢሆን ኖሮ፥ ሊቅም በኀይል ፊት ሊያጎነብስ እንደሚችል ለተማሪዎቹ ባስተማረ ነበር።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የጥቅስ ቁጥር የአንድ ሊቅ ስም የደረሰበትን ርቀት ይነግርህ ይሆናል፤ በደረሰበት ስፍራ ዓይን መክፈቱን ወይም ማሳወሩን ግን አይነግርህም። ካር የኀይልን ነገር አሳይቶናል፤ ስለዚህ እናመሰግነዋለን። በሙኒክ ተሳስቷል፤ ይህንንም ከምስጋናው ጋር እንጽፋለን። ለተማሪዬም ሲሰናበተኝ፥ «ቁጥሩን ተወውና መጽሐፉን ከመቅድሙ ጀምረህ ጨርሰው፤ ሁለቱን እትሞች ካገኘህ ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንብብ፤ ከዚያ በኋላ ጥቀሰው» አልሁት።