ንጹሕ አጣጣል

በጉሬን ሰው መጣል ብቻውን ድል አይሆንም። ጉሬን በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ወደ ውቅያኖስ ዘልቆ በገባው የብረታኝ ምድር የሚኖሩት ብረቶኖች ባህላዊ ትግል ነው። ሙሉ ድል የሚሰጠው «ላም» የሚሉት አንድ ዓይነት አወዳደቅ ብቻ ነው። የወዳቂው ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች እኩል፣ ከሌላው አካሉ ሁሉ ቀድመው መሬት መንካት አለባቸው። መቀመጫው ከቀደመ፣ በእጁ ከተደገፈ ወይም ጣዩ ራሱ ቀድሞ መሬት ከነካ ላም የለም። ለጥቂት የጎደለው «ኮስቲን» ይባላል፤ ከቁጥር የማይገባው ደግሞ «ኔትራ»፣ ምንም ማለት ነው። መሬት ላይ መተናነቅ ስለማይፈቀድ ሁለቱም ተነስተው እንደገና ይያያዛሉ።

እንዲህ ያለው ደንብ ጉልበተኛውን ብዙም አይረዳውም። ባላጋራውን በክብደቱ ተጭኖ የሚጥል ሰው አብሮ ስለሚወድቅ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ጥሩ ታጋይ ሰውየውን ከመሬት አላቆ፣ አየር ላይ አዙሮ፣ በጀርባው ማሳረፍ አለበት። የጥበቡ ውበት ያለው እዚያች የዓይን ጥቅሻ በማትሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

እግር ጠርጎ መጣልን እንመልከት። መጀመሪያ የሚሠሩት እጆች ናቸው። አንዱ እጅ ከባላጋራው ትከሻ ኋላ ልብሱን ይጨብጣል፣ ሌላው ጎኑን ይዞ ቀስ እያለ ይስባል። የተሳበው ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ እግሩን ያነሳና መልሶ ሊያሳርፍ ይሄዳል። ያ እግር መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው የጣዩ ባዶ እግር ሜዳው ላይ የተነሰነሰውን ሰጋቱራ እየታከከ ይመጣና ይጠርገዋል። ቢቸኩል እግሩ ገና በባለቤቱ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ቢዘገይ ክብደቱ ስላረፈበት አይነቀነቅም። እጆቹ በዚሁ ቅጽበት ደረቱን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያዞሩታል። ሥራው ግን ገና አላለቀም፤ ወዳቂውም ባለሙያ ነውና አየር ላይ እንዳለ ተጠማዝዞ በጎኑ ወይም በሆዱ ለማረፍ ይታገላል። ከተሳካለት ይድናል። ስለዚህ ጣዩ ጨርቁን ሳይለቅ፣ ጥምዘዛውን በሌላ ጥምዘዛ እየመለሰ፣ ሰውየውን እስከ መሬት ድረስ ይሸኘዋል። እኔ በትግል ዓይነቶች ሁሉ ከዚህ የጠራ ሙያ አላየሁም።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ደግሞ በልብሱ ነው። «ሮሼድ» የሚሉት ነጭ ሸሚዝ እጅጌው አጭር፣ ጨርቁ እንደ ሸራ የጠነከረ፣ ወገቡ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ነው። ከታች እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ሱሪ ይለበሳል፤ ጫማ የለም። ሱሪውን መያዝ ክልክል ስለሆነ የሁለት ሰው ሙሉ ኃይል የሚያርፈው በዚያ ሸሚዝ ላይ ነው። ስፌቱ ቢሳሳ ወይም ጨርቁ ቢላላ ከላይ የተገለጸው አጣጣል አይሠራም። ሸሚዙን የሰፋው ሰው ከድሉ ድርሻ አለው ብል ማጋነን አይደለም።

ሠዓሊው ፖል ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1888 በብረታኝ ሳለ ሁለት ልጆች ሲታገሉ ሥሏል፤ ያን ጊዜ ትግሉ የገጠር በዓላት ጌጥ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ግን መዳከም ጀመረ። ያነሣው የካምፔርሌው ሐኪም ሻርል ኮቶኔክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ባሕር ማዶ በእንግሊዝ ካሉት የኮርንዎል ታጋዮች ጋር ውድድር እንዲካሄድ አደረገ፤ ብረቶኖችና የኮርንዎል ሰዎች ተቀራራቢ ቋንቋና ተመሳሳይ የትግል ልማድ ያላቸው ወገኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 የትግሉ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ደንቡም አንድ ወጥ ሆነ። ታጋዮቹ ውድድር ሲከፈት በብረቶን ቋንቋ ይምላሉ፦ ያለ ተንኮልና ያለ ጭካኔ፣ ለራሳቸውና ለአገራቸው ክብር ሊታገሉ። ከዚያ እንደ አያቶቻቸው ልማድ ለባላጋራቸው እጃቸውንና ጉንጫቸውን ይሰጣሉ።

ፌዴሬሽኑ በተመሠረተበት ዘመን በትምህርት ቤት በብረቶን ሲናገር የተያዘ ልጅ ማሳፈሪያ ዕቃ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። ዛሬ ዩኔስኮ ቋንቋውን በከፍተኛ አደጋ ላይ ካሉት መድቦታል። የመያዣው፣ የመጥለፊያው፣ የአወዳደቁ ስም ግን አሁንም በብረቶን ነው፤ ቤቱ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገር ልጅ እንኳ ትግሉን የሚማረው በእነዚህ ቃላት ነው። ማንነት በበዓል ቀን ተለብሶ በሚወልቅ ልብስ ብቻ አይጠበቅም፤ ሰው በየሳምንቱ እየተለማመደ በጡንቻው የሚያሳድረው ሲሆን ይበልጥ ይጸናል ብዬ አምናለሁ።

በአሮጌው ስልት በሚካሄዱት የበጋ ውድድሮች ሽልማቱ አሁንም አውራ በግ ነው። ሽልማቱን የፈለገ ይዞት ሜዳውን ይዞራል፤ አይገባህም የሚል ካለ ወጥቶ ይገጥመዋል። አሸናፊው በጉን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይወጣል።

በፈረንሳይ ወይም በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ብረታኝ ብትዘልቁ ከሰጋቱራው አጠገብ ቦታ ያዙ። የታጋዮቹን ፊት ተዉት፤ እግራቸውን ተመልከቱ።