የመጀመሪያው ሥራ በበዓሉ ግርማ ልብ ወለዶች ውስጥ፤ ከመቱ የታየ አጭር ሐተታ

የዚህ ሐተታ ዓላማ፥ ኮሌጅ ጨርሶ ወደ ሥራ የሚገባ ወጣት በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እንዴት እንደ ተሣለ መመርመር ነው። ለዚህም በበዓሉ ግርማ የተጻፉትን «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) እና «ሐዲስ» (1975 ዓ.ም.) የተባሉትን መጻሕፍት መርጫለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። ደራሲው የኢሉባቦር ተወላጅ ነው፤ እኔም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈጸምኩ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ከዚህም በላይ፥ በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይዤ ወደ መቱ የምመለስበት ጊዜ ቀርቧልና ጥያቄው የራሴም ጥያቄ ነው።

«ከአድማስ ባሻገር» ዋናው ሰው አበራ ወርቁ ነው። አበራ የተማረ ነው፤ የመንግሥት ሥራ አለው፤ በየወሩ ደመወዝ ይቀበላል። ነገር ግን ልቡ ወደ ሥዕልና ወደ ድርሰት ያደላል፤ የቢሮው ወንበር እስር ቤት ይሆንበታል። የመጽሐፉ ጭንቀት እንግዲህ ሥራ ከተገኘ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ነው። በ«ሐዲስ» ደግሞ ሐዲስ ሳህሌ የተባለ ወጣት መምህር በኢሉባቦር ምድር እናገኛለን። አበራን የቢሮው ወንበር ሲያስጨንቀው፥ ሐዲስ ግን ትምህርቱን ይዞ ከሰው መካከል ይገባል።

ሁለቱ ሰዎች በጠባይ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይተባበራሉ። ይኸውም ሥራ ማግኘታቸው ራሱ ጥያቄ አለመሆኑ ነው። ለዚህ ደራሲውን መውቀስ አይገባም። በዓሉ ዩኒቨርሲቲ የገባው የተማረ ሰው እንደ ዕንቁ በሚፈለግበት ዘመን ነበር። እርሱ ራሱ የፖለቲካ ሳይንስ ተምሮ ወደ ጋዜጠኝነት ገባ፤ መነንንና አዲስ ዘመንን እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። ዲግሪው የተሰጠበት ትምህርትና የሠራው ሥራ አንድ ስላልሆኑ ማንም በሩን አልዘጋበትም።

ወቀሳዬ በእኛ በአንባቢዎቹና በመምህራኖቻችን ላይ ነው። በክፍል ውስጥ «አበራ ሥራውን የጠላው ለምንድን ነው?» እየተባልን ስንጠየቅ ኖረናል። «አበራ ሥራውን እንዴት አገኘው?» ብሎ የጠየቀን ግን የለም። መጽሐፉን የምናነበው ወንበሩ ለእኛም ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀን አድርገን ነው።

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመቱ ያለው ነገር ሌላ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማይቱ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ባለዲግሪ መሆን ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ 70 ተማሪ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ፥ 30 ለማኅበራዊ ትምህርት የሚል ድልድል ባወጣ ጊዜ፥ ታሪክና ቋንቋ የሚማር ሰው ትርፍ እንደ ሆነ ተቆጠረ። ከእኔ በፊት የተመረቀ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ማስረጃውን በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ በመቱ፥ በጎሬና በበደሌ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ሲያነብ ከረመ። በአብዛኛው ያገኘው «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የሚለውን ቃል ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «ልጄ፥ ይኼ የተማርከው ነገር ምን ይሠራል?» ብለው በቅንነት ጠየቁት። የሚመልሰው አጣ። አሁን ለአንድ የቡና ነጋዴ መዝገብ ይጽፋል።

የእትዬ ጥያቄ መልስ የለውም ማለት አይደለም። ጎሬን እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ በራስ እምሩ የሚመራው የኢትዮጵያ መንግሥት የተቀመጠው በጎሬ ነበር። የምዕራቡ ቡናም በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በጀልባ ይጓዝ ነበር። ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልቁ ቃላቸውን መጻፍ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የገበሬውን የደን አያያዝ በአፋን ኦሮሞ ሰምቶ ለሌላው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ሥራ ስለሌለ ሳይሆን፥ ለሥራው በጀትና መደብ ስላልተሰጠው ነው ተመራቂው የሚንከራተተው። ይሁን እንጂ «ሥራ ፍጠር» ብሎ ብቻ መምከር ቀላል ነው፤ እንጀራ የሚገዛው በምክር አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ቀድሞው ዘመን መመለስ ይጠቅመናል። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ደንብ ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፥ አብዛኛውን ጊዜ በማስተማር፥ ማገልገል ነበረበት። በዚያን ጊዜ የተማረሩበት ተማሪዎች ጥቂት አልነበሩም። ዛሬ ስናየው ግን፥ ማስታወቂያው ከእኛ የሚጠይቀውን የሥራ ልምድ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ልምድ አይሰጥም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመውጫ ፈተና ይሰጣል። ፈተናው ተማሪው ያወቀውን ይመዝናል፤ በመቱ ሰሌዳ ፊት ለቆመው ሰው ግን ሁለቱን ዓመት አይሞላለትም።

ስለዚህ «ሐዲስ»ን እንደ ገና ማንበብ ይገባናል እላለሁ። ሐዲስ ሳህሌን ስናደንቅ የምናደንቀው ቆራጥነቱን ብቻ ነው፤ ቆራጥነቱን የሚያሳይበት ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ እንደ ተሰጠው እንረሳለን። ብርታት ያለ ቦታ አይታይም። ኮሌጃችን የአንድ መንፈቅ አገልግሎት፥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፥ በቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፥ ወይም በጎሬ ሽማግሌዎች ዘንድ ቢያዝና ቢመሰክርልን፥ ከሰሌዳው ፊት ባዶ እጃችንን አንቆምም ነበር። ሐሳቤ ጉድለት ካለው መምህራንና ጓደኞቼ ያርሙኝ። እኔ ግን በሚቀጥለው ክረምት ወደ መቱ ስመለስ፥ ለእትዬ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ ከአሁኑ መፈለግ ግዴታዬ ነው።