ቁጥርን በጆሮ ማመሳከር

ከደረሰኝ ወደ ኤክሴል የገባ ሂሳብ ሲመሳከር ዓይን ከወረቀቱ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ወረቀቱ ይመላለሳል። ስህተት የሚያመልጠው በዚሁ ምልልስ መሃል ነው፤ መስመር ይዘለላል፣ ወይም ዓይን የጠበቀውን ቁጥር ያየ ይመስለዋል። ሂሳብ በሚሠራበት ቢሮ ሁሉ የሚታወቀው መላ ሁለት ሰው ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ደረሰኙ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሁለተኛ ሰው ሲጠፋ ንባቡን ኮምፒውተሩ ሊሠራው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይን ከወረቀቱ አይነሳም።

ኤክሴል ከ2002 ዕትሙ ጀምሮ ሴሎችን በድምፅ የማንበብ ትዕዛዝ አለው። ከ2007 ዕትም ወዲህ ግን ትዕዛዙ በተለመደው ቦታ ስለማይታይ ከቅንብሩ ፈልጎ ወደ ላይኛው የአቋራጭ መስመር ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ የሚፈለጉት ሴሎች ተመርጠው በረድፍ ወይም በዓምድ ይነበባሉ። የደመወዝ ዝርዝር በዓምድ፣ የግዢ ደረሰኝ ደግሞ በረድፍ ቢነበብ ለመከታተል ይቀላል። ኢንተር በተመታ ቁጥር የገባውን ወዲያው እንዲናገር ማድረግም ይቻላል።

ጆሮ በተለይ የሚበረታው በተገለባበጡ አሃዞች ላይ ነው። 4,580 ብር 4,850 ተብሎ ቢገባ ለዓይን ይመሳሰላል፤ ሲነበብ ግን «አምስት መቶ ሰማንያ» እና «ስምንት መቶ ሃምሳ» ፈጽሞ አይገናኙም። ልዩነቱ 270 ለ9 ያለ ቀሪ መካፈሉ አሃዝ መገለባበጡን ያስጠረጥራል፤ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ግን አይነግርም። የሁለት አቅራቢዎች ሂሳብ ከተቀያየረ ደግሞ ድምሩ ስለማይዛባ ስህተቱ የሚገኘው አንድ በአንድ ሲነበብ ብቻ ነው።

የኮምፒውተሩ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ በመሆኑ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ይምታታሉ። ፍጥነቱን መቀነስና አጠራጣሪውን ሴል ደግሞ ማስነበብ ይረዳል።

ለጆሮ የማይመቹ ዓምዶችም አሉ። ባለ 10 አሃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በዜሮ ሲጀምርና ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ካልተደረገ ኤክሴል ዜሮዎቹን ይጥላቸዋል፤ የቀረውንም በሚሊዮን እየቆጠረ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ ርዝመቱን በፎርሙላ መቁጠር ይሻላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀንም ያስቸግራል። ጥቅምት 30 «30/2/2016» ተብሎ ሲገባ በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ «5/2/2016» ግን የፈረንጅ ቀን ይሆናል። ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ቢገቡ ሁለቱም ችግሮች ይወገዳሉ።

ረጅም ዝርዝር ጆሮን ስለሚያደነዝዝ በአንድ ጥራዝ ደረሰኝ ልክ እየከፈሉ ማዳመጥ ያዋጣል። ስህተት ሲገኝ ንባቡን አቁሞ ማረም፣ የታረመውን ረድፍ ደግሞ ማስነበብ፣ በመጨረሻም ድምሩን ማመሳከር ተገቢ ነው። ደረሰኙ ራሱ ተሳስቶ የተቆረጠ ከሆነ ግን ንባቡና ወረቀቱ ስለሚስማሙ ስህተቱ የሚታወቀው ከባንክ መግለጫው ወይም ከዕቃ መረከቢያው ጋር ሲመሳከር ነው።